እኔማ ገና ድሮ ነቅቼበታለሁ

የአጋታ ክሪስቲን መጽሐፍ አንብቤ ገዳዩን ቀድሜ ዐውቄ አላውቅም። አንድም ቀን። ለሰው የማወራው ግን ሌላ ነው። ለሰው «እኔማ ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ነቅቼበታለሁ» ነው የምለው። ዘዴ አለኝ። ማንም ሳያየኝ አስቀድሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነባለሁ። ከዚያ ሰው የተሰበሰበበት ሳሎን ገብቼ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ። ጥቂት እንደገፋሁ ከንፈሬን መጠጥ አድርጌ «ይቺ ሴትዮ አላማረችኝም» እላለሁ። ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኛለች። ያቺን አስተያየት አድናቆት ነው ብዬ ስኖር ኖሬአለሁ።

ዘዴዬ ጉድ የሠራኝ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ላይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1926 የታተመ፣ የሴትዮዋን ስም ያገነነ መጽሐፍ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ አዟሪ ተከራክሬ፣ ዋጋውን በግማሽ አስወርጄ ገዛሁትና ቤት ገብቼ ስገልጠው መጨረሻው ተገንጥሏል። ሰውየው ለምን ቶሎ እንደተስማማ ያን ጊዜ ገባኝ። ምርጫ ስላልነበረኝ እንደ ሰው ከፊት ጀምሬ አነበብኩ። ሄርኩል ፗሮ፣ ያ ጢሙን እንደ ሙሽራ የሚያሽሞነሙነው ቤልጅጋዊ መርማሪ፣ ተጠርጣሪዎቹን ሰብስቦ ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ወረቀቱ አለቀ።

ፗሮ ካልተናገረ እኔ ልናገር ብዬ ፈረድኩ። ገዳዩ ፓርከር ነው፤ የቤቱ አሳላፊ። በር ሥር ሲያዳምጥ ተገኝቷል፣ የቀድሞ ጌታውን በምስጢር አስፈራርቶ ገንዘብ በልቷል፣ ሲጠይቁት ይርበተበታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ይህን ፍርዴን ይዤ ለዓመታት በየቡናው ዞርኩ። ክሪስቲ አንባቢ እንዴት እንደምታታልል ሳስረዳ «ፓርከርን ተመልከቱ» እል ነበር፤ ጣቴን ወደ ላይ አንሥቼ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ሲኒዋን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ፓርከር እኮ አይደለም» አለች። «መጽሐፉን በደንብ አላነበብሽውም» አልኳት። አንብባዋለች። ያውም እስከ መጨረሻው። ፓርከር እዚያ የተቀመጠው ችኩል አንባቢ እንዲጠረጥረው መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲያውም ከዚያ በፊት ደራሲዋን ራሷን ጡረታ የወጣ የፖሊስ መኮንን አድርጌያት ዐውቃለሁ። ያን ሁሉ መርዝ ከየት ታውቀዋለች ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት ከብዶኝ ነው። ሴትዮዋ ፖሊስ ሆና አታውቅም። በ1890 ቶርኪ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያው ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ አስታማሚነት ገባች፤ ኋላ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ተዛወረችና በ1917 የመድኃኒት ቅመማ ፈተና አለፈች። የመጀመሪያ ልቦለዷንም ያሰበችው መርዙ በየመደርደሪያው ተደርድሮ ሲያያት በሚውልበት በዚያ ክፍል ነው። እህቷ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ አትችዪም ብላ ነክታት ኖሮ እልህ ይዟት ጻፈችው። አሳታሚዎች እየተቀባበሉ መለሱት። በመጨረሻ በ1920 ታትሞ ሲወጣ ያገኘችው 25 ፓውንድ ነው። የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ግን መርዙን በትክክል መጻፏን አመስግኖላታል።

እኔ ይህንኑ መጽሐፍ ሳነብ ስለ ስትሪክኒን የሚያወራውን ክፍል ዘለልኩት። ኬሚስትሪ ነዋ! ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንስማማም። የምስጢሩ ቁልፍ እዚያው የዘለልኩት አንቀጽ ውስጥ ነበር።

በ1961 ያሳተመችው «ነጣ ያለው ፈረስ» ላይ የደረሰብኝ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መርዙ ታሊየም ነው፤ ጸጉር ያረግፋል። በ1977 ለንደን ውስጥ አንድ ሆስፒታል ከቀጠር የመጣች ሕፃን ሐኪሞቹ ሊደርሱበት ባልቻሉት በሽታ ስትሠቃይ፣ ይህን መጽሐፍ እያነበበች የነበረች አንዲት ነርስ የልጅቷ ጸጉር ሲሳሳ አይታ «ታሊየም እንዳይሆን» አለች። ተመረመረ፣ ታሊየም ሆነ፣ ልጅቷ ተረፈች። ነርሷ ከመጽሐፉ የሰው ነፍስ አተረፈችበት። እኔ ፈረሱን ስጠብቅ ጨረስኩት። «ነጣ ያለው ፈረስ» ለካ የአንድ የድሮ ማረፊያ ቤት ስም ነው። ፈረስ የሚባል ነገር ዝር አይልም።

ትንሽ የሚያጽናናኝ አንድ ሰው አለ። ዲሴምበር 3 ቀን 1926 ማታ ክሪስቲ መኪናዋን አስነሥታ ከቤቷ ወጣችና ጠፋች። ባሏ ሌላ ሴት መውደዱን ነግሯት ነበር። መኪናዋ በማግስቱ ከነጸጉር ካፖርቷ መንገድ ዳር ተገኘ። ፖሊሱ ከሕዝቡ ጋር ጫካውን አሰሰ፣ ኩሬው ተፈተሸ፣ ጋዜጣው ሌላ ወሬ አጣ። የሼርሎክ ሆምስ ፈጣሪ፣ ሰር አርተር ኮናን ዶይል፣ በዚህ መሐል ምን አደረጉ? ጓንቷን ይዘው መናፍስት አነጋጋሪ ዘንድ ሄዱ። እሳቸው ጠንቋይ ካስጠየቁ እኔ በፓርከር ለምን አፍራለሁ? ከ11 ቀን በኋላ ሴትዮዋ ሃሮጌት ከተማ ውስጥ ሆቴል ይዛ ተገኘች። የተመዘገበችው በባሏ ወዳጅ የአባት ስም ነው። ከሞተች በኋላ በ1977 በወጣው ግለ ታሪኳ ስለዚያ መጥፋት ትንፍሽ አላለችም። እኔ ብሆን ገና በሦስተኛው ቀን ለሆቴሉ ዘበኛ ከነምክንያቱ እነግረው ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ቤቴ ውስጥ መርማሪ ከመሆን አልታቀብም። ከኮት ኪሴ አንድ ባለ 200 ብር ኖት የጠፋ ጊዜ ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰብኩ። ቴሌቪዥኑን አስጠፋሁ። ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ፗሮ ዝግ ባለ ድምፅ «ከመካከላችን አንድ ሰው ትናንት ማታ ይህን ኮት ነክቷል» አልኩ። ትልቁ ልጄ ስልኩን ያያል። ትንሿ ሽንት ቤት መሄድ እንደምትፈልግ አስታወቀች፤ ከለከልኳት፤ ማስረጃ ልታጠፋ ትችላለች። የልጆቹን የምሳ ሰዓት፣ የኮቱን አሰቃቀል፣ የበሩን መንሲጠጥ እያገናኘሁ ሄጄ ሄጄ ትልቁ ልጄ ላይ ደረስኩ። ጣቴን ልቀስር ስል ባለቤቴ ከወጥ ቤት በር ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ያን በብብትህ ያቀፍከውን መጽሐፍ ክፈተውማ» አለች።

ከፈትኩት። ብሩ ገጽ መሐል ተጋድሟል፤ የቆምኩበትን እንዳልረሳ ምልክት አድርጌው። ለድምቀት ብዬ ያቀፍኩትም የክሪስቲን መጽሐፍ ነበር። በአጭሩ፣ ጥፋተኛው ታሪኩን የሚተርክላችሁ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። የአክሮይድን መጨረሻ በዚህ አጋጣሚ የነገርኳችሁ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ እኔ ምንም አልወጣኝም። ልጄ ለደረሰበት የሞራል ጉዳት ካሳ ጠይቆ 200 ብሩን ወሰደ።

ክሪስቲ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም ነበር። በ1958 «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ትያትሯ በለንደን ሪከርድ ሰብሮ ሳቮይ ሆቴል ግብዣ ሲደረግ ቀደም ብላ ደረሰች። በር ላይ የቆመው ሰው ሰዓቱ ገና ነው፣ አይገባም አላት። ግብዣው የሷ ነው፤ እሷ ግን እኔ እኮ አጋታ ክሪስቲ ነኝ ማለት አቅቷት ዝም ብላ ተመለሰች። ይህንስ ግለ ታሪኳ ውስጥ ራሷ ጽፋዋለች። እኔ የሰፈር ዕድር ስብሰባ ላይ ወንበር ያላነሣልኝን ወጣት «የማን ሰው መሆኔን ታውቃለህ?» ያልኩ ነኝ። አያውቅም ነበር።

ያ ትያትር ለንደን ውስጥ መታየት የጀመረው ኖቬምበር 25 ቀን 1952 ነው፤ በኮሮና ጊዜ ተቋርጦ ከነበረው በቀር እስካሁን መድረክ ላይ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ተመልካቹ የገዳዩን ማንነት ውጭ ወጥቶ እንዳያወራ ይለመናል። እኔ ትያትሩን አላየሁትም። ገዳዩን ግን ዐውቀዋለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ መጨረሻውን አንብቤዋለሁ። ለንደን ሄዳችሁ ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እኔ ቤት ለቡና አትምጡ።