የግንደወይን ሸረሪቶችና የእመት ጦጢት ጋቢ

እንስሳት እንደ ሰው በሚናገሩበት ዘመን፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው ግንደወይን፣ ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ አገሩ ሁሉ የሚመክተው በሸረሪቶች ጋቢ ነበር። ጥጡ ከዓባይ በረሃ ይመጣል። ሸረሪቶቹ ይዳምጡታል፣ ይፈትሉታል፣ ድሩን ዘርግተው ማጉን ይወረውሩበታል። አንድ ጋቢ በገበያ 10 ቁና ጤፍ ያወጣል። ውድ ነው፤ ግን አባት ለብሶት ለልጁ ያወርሰዋል።

በአንድ የጥቅምት ገበያ እመት ጦጢት ከባሕር ማዶ የመጣ ጋቢ በበቅሎ ጭና ዓባይን ተሻግራ መጣች። ዋጋው 6 ቁና ነው። ፀሐይ ሳትጠነክር ጭነቱ አለቀ። በገደሉ አፋፍ የምትኖረው ሽኮኮ፣ ለልጆቿ ጋቢ ገዝታ የማታውቀው፣ ሁለት ይዛ ገባች። ሸረሪቶቹ ዋጋቸውን መጀመሪያ ወደ 8 ቀጥሎም ወደ 7 አወረዱ። በ7 ሲሸጡ የጥጡንና የፈትሉን ከፍለው ለቤት የሚተርፍ ነገር የለም። በሁለተኛው ዓመት የመወርወሪያው ድምፅ ከብዙ ቤት ጠፋ።

ሸረሪቶቹ ለንጉሡ ለአያ አንበሶ አቤት አሉ። አያ አንበሶ ተነሥቶ አገሣ፦ «ከነገ ጀምሮ ዓባይን የሚሻገር ጋቢ ሁሉ ይቃጠል!» ሸረሪቶቹ እልል አሉ። ንቦቹ ግን ተንጫጩ። «ጌታችን፣ ማራችንን የሚገዙን እኮ ማዶኞቹ ናቸው። ጋቢያቸውን ብናቃጥል ማራችንን ያቃጥሉብናል፤ እኛ ምን በደልን?» አያ አንበሶ መልስ አጣ። ነገሩ ወደ ኤሊ ሸንጎ ተመራ።

የንቦቹ ፍርሃት ተረት ብቻ አይደለም። ካናዳ በ1904 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የፀረ-ዳምፒንግ ሕግ፣ ማለትም ሸቀጥን በገዛ አገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ በታች በውጭ ገበያ ማራገፍን የሚከላከል ሕግ፣ ካወጣች በኋላ ሌሎችም የየራሳቸውን እያወጡ ተከተሏት፤ እንዲህ ያለው ሕግ የተበደለን ለመከላከልም፣ በሰበቡ በር ለመዝጋትም ሊያገለግል ይችላል። በ1947 የተፈረመው የታሪፍና የንግድ ጠቅላላ ስምምነት አንቀጽ 6፣ ከ1995 ጀምሮም የዓለም ንግድ ድርጅት አባላትን የሚያስረው ስምምነት ልጓም ያበጁት ለዚሁ ነው። የተጎዳ አገር በተራገፈበት ሸቀጥ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ መጣል ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን መርምሮ ማስረዳት አለበት።

ኤሊ ሸንጎውን ከፈተች። «አቤት ያላችሁት ስንት ናችሁ?» ከፊት የቆሙት ድምፃቸው የጎላ ጥቂት ሸረሪቶች ነበሩ። «የጮኸ ሁሉ አገሩን አይወክልም» አለች። «ደጋፊዎቻችሁ እዚህ ከሚሸመነው ጋቢ ሁሉ ቢያንስ ሩቡን የሚሸምኑ ይሁኑ፤ ሐሳባቸውን ከሰጡትም መካከል የደጋፊዎቹ ምርት ከተቃዋሚዎቹ ይብለጥ።» ቤት ለቤት ተዞረ፤ ድጋፉ ተገኘ።

«በደሉስ ምንድን ነው?»

«ረከሰብን!»

«መርከስ በደል አይሆንም። በገዛ አገሩ ስንት ይሸጣል?»

የሚያውቅ አልነበረም። ጦጢትን በደብዳቤ ጠየቋት፤ ዝም አለች። ክረምቱን ባሕር ማዶ፣ በጋውን እዚህ የምታሳልፈው ሽመላ ግን የማዶውን ገበያ ዋጋ ይዛ መጣች። ጋቢው እዚያ ከሸማኔው ደጃፍ ላይ 8 ቁና ነው። መረጃ የከለከለ ወገን በተገኘው መረጃ ይፈረድበታል፤ የዛሬውም ደንብ እንዲሁ ነው። ኤሊ ከ6ቱ ላይ ለበቅሎና ለመሻገሪያ የወጣውን 1 ቁና ቀነሰች፤ ደጃፍ ከደጃፍ ካልተነጻጸረ ሚዛኑ ይዛባል። ስለዚህ ጦጢት በአገሩ 8 የሚሸጠውን ለግንደወይን በ5 እያራገፈች ነው። ልዩነቱ ከመቶ 2 እንኳ ባይሞላ ኖሮ መዝገቡ እዚያው ይዘጋ ነበር።

ከዚያ ሸንጎውን ዝም ያሰኘው ጥያቄ መጣ። «ጦጢት ከመምጣቷ በፊት በዓመት ስንት ጋቢ ትሸጡ ነበር? አሁንስ?»

አንዱ «ብዙ» አለ። ሌላው «ከብዙም በላይ» አለ። የተዘጋውን ቤት ሁሉ ያየዋል፤ በቁጥር የሚናገር ግን ታጣ። ኤሊ መዝገቡን ልታጥፍ ስትል እማማ ሸረሪት ከኋላ ተነሡ። በእጃቸው ረጅም ክር ይዘዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጋቢ በሸጡ ቁጥር አንድ ቋጠሮ፣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አንድ ድርብ ቋጠሮ ያስሩ ነበር። ለራሳቸው ብቻም አይደለም፤ የጎረቤቶቻቸውንም ይቋጥሩ ነበር። ወጣቶቹ «ማር አይላስ፣ ጤፍ አይፈጭ፤ ምን ያደርግልዎታል?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ኤሊ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ቋጠሮው እየሳሳ፣ እየራቀ የሄደበትን ወቅት ከጦጢት በቅሎዎች መምጫ ጋር አስተያየችው፤ ገጠመ። ሆኖም በሁለተኛው ዓመት በረዶ ጤፉን መትቶ ስለነበር ገዢው ሁሉ ከስቶ ነበር። «የበረዶውን ጥፋት በጦጢት ላይ አልጭንም» ብላ ያንን ለይታ አስቀመጠችው። የቀረውም ጉዳት ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ይታወሱኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ከእነሱ ብዙዎቹ ሥራ ቀነሱ፣ ከፊሎቹም ዘጉ። የጸኑት ዲዛይናቸውንና ጥራታቸውን አሻሽለው ገበያውን መልሰው ያዙ። እንዲህ ባለ ሙያ ልንኮራ ይገባናል። ግን በእነዚያ ክፉ ዓመታት ያ ጫማ በአገሩ ስንት እንደሚሸጥ ማን ጠየቀላቸው? የእነሱንስ ቋጠሮ ማን ቆጠረ? ደቡብ አፍሪካ በ2015 ከጀርመን፣ ከኔዘርላንድስና ከብሪታኒያ በሚገባው የቀዘቀዘ የዶሮ ሥጋ ላይ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ የጣለችው መርማሪ ኮሚሽን ስላላት፣ አርቢዎቿም ቁጥር ይዘው ስለቀረቡ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ሂደቱ ሃያ ዓመት አልፎታል። በሩ ወለል ብሎ ሳይከፈት መርማሪ ቤቱ መቆም፣ መዝገቡም በየወርክሾፑ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ለተበደለ ሁሉ እኩል የተጻፈ ይመስላል፤ ቁጥር ለሌለው ግን የተቆለፈ በር ነው።

ኤሊ ፈረደች። «ልዩነቱ 3 ነው፤ ከዚያ በላይ መጣል አይቻልም። ሆኖም ጋቢው በገበያ 8 ቢደርስ ሸረሪቶቹ መኖር ስለሚችሉ 2 ይበቃል። ለ5 ዓመት።»

እመት ጦጢት ዘላ ተነሣች። «ቀረጥ ከምትጥሉብኝ ዋጋዬን በፈቃዴ ወደ 8 ላንሣው!» ሕጉ ይህንንም ይፈቅዳል። ኤሊ ግን «ያ 2 ቁና ያንቺ ከረጢት ውስጥ ነው የሚገባው» ብላ አልተቀበለቻትም።

ሸረሪቶቹም ተንሰፈሰፉ። «እንግዲያው ቀረጡ ለእኛ ይታደል!»

«ዋጋው ተነሥቶላችኋል፤ ሁለት ጊዜ አትካሱም።»

አሜሪካም በ2000 ባወጣችው ሕግ የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጡን ለከሳሾቹ ድርጅቶች ታከፋፍል ነበር፤ በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካል ይህ ስምምነቱ ከሚፈቅደው እርምጃ ውጭ ነው ሲል ፈርዶባታል።

በዚህ መሀል ሽኮኮ ተነሣች። «ልጆቼ ገና አሁን ሞቃቸው። እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ስምምነቱ የገዢውን ጥቅም መመዘንን ግዴታ አላደረገም፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን በራሱ ሕግ ይመዝናል፣ እኛም ይህንኑ ብናደርግ እወዳለሁ። ሸንጎው የቀረጡ ጤፍ ወደ አገሩ ጎተራ እንዲገባ፣ ከዚያም በቅድሚያ በገደሉ አፋፍ ላሉ ድሆች እንዲሰፈር ወሰነ። ሽኮኮ ሙሉ በሙሉ አልተደሰተችም፤ መብቷ ነው።

5 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሸረሪቶቹ ቀረጡ ይቀጥልልን ብለው መጡ። ሽመላ እንደገና ተጠየቀች። ማዶኞቹ አዲስ የሽመና ዘዴ አግኝተዋል፤ ጋቢው አሁን በገዛ አገራቸውም ከደጃፍ 5 ቁና ነው። «እንግዲህ ማራገፍ የለም» አለች ኤሊ፤ «ወደፊት ይመለሳል የሚያሰኝም ምልክት አላየሁም።» ቀረጡ ተነሣ። አያ አንበሶ ሊያገሣ ብድግ አለ፤ ንቦቹ ቀና ብለው አዩት፤ ተቀመጠ።

ከሸረሪቶቹ እኩሌታው በ5ቱ ዓመት ቀጭን ፈትልና ባለጥበብ ጋቢ ለምደው፣ ገበያ ይዘው ነበር። የቀሩት በቀረጡ ተማምነው የቆዩት በማግስቱ የእማማ ሸረሪት ልጅ ዘንድ ሄደው ደጇን አንኳኩ። «እትዬ፣ ሥራውን አሳዪን» አሏት።

«ግቡ» አለቻቸው፤ «ግን ከመጀመሪያው ጋቢ ጀምሮ ትቋጥራላችሁ።»