ትዕግሥት የማይሠራበት ሐይቅ

ከሚኒሶታ፣ በጥር ወር

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ ሐዋሳ

እኔ ከአፍንጫዬና ከጣቶቼ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

«ልጁ ሐይቅ ላይ በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ወሬ እንዳስደነገጥዎት እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ወሬው እውነት ነው፤ የቅድስና ጉዳይ ግን አይደለም። እዚህ የሐይቁ በረዶ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወፍር ሰው ይሄድበታል፤ 25 ሲደርስ ትንሽ መኪና ይነዳበታል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ይህን ካስታወቀ በኋላ «መቶ በመቶ አስተማማኝ በረዶ የለም» ብሎ ይጨምራል። ሕዝቡ ግን መጨረሻውን ሳያነብ መኪናውን ያስነሣል።

በረዶውን በስተን የምናጠምደው ዓሣ ክራፒ ይባላል። ከቆሮሶ ያንሳል፤ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ጎኑ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ነው።

ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ነው ብለው አሳድገውኛል። ለሐዋሳ ልክ ነዎት። እዚህ ግን ትዕግሥተኛ ሰው ዓሣ አይዝም፤ እሱን ጉንፋን ይይዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ በብርድ ጊዜ ሞቅ ያለው ከታች ይተኛል። እኔ ከዜሮ በታች 20 ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ፣ ዓሣው ከእግሬ ሥር በ4 ዲግሪ ይዝናናል። ከሁለታችን የተጠመደው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ ሙቀቱ ታች ነው ብለው መንጠቆዎን እስከ ጭቃው እንዳይለቁት! በሐይቁ ላይ ከሰማይ የወረደ በረዶ ሲከመርበት ብርሃን አይገባም፤ የዳሩ ሣር ይሞታል፣ ኦክሲጅኑ ያንሳል። በጥልቁም ወለል ላይ እንዲሁ ይመናመናል። ስለዚህ ብርዱ ሲጠና ክራፒ ከዳር ወደ ጥልቁ ይገባና፣ ወለሉን ሳይነካ በመንጋ ሆኖ መሃል ላይ ይንሳፈፋል። 9 ሜትር ጥልቀት ባለበት 6 ሜትር ላይ ሊገኝ ይችላል። ዛሬ የነበረበት ቦታ ነገ ባዶ ነው።

የሠፈሬ አዛውንቶች በመሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ይበሳሉ፤ ዓሣ መኖሩን የሚያመለክተውን ሶናራቸውን ወደ ውኃው ያወርዳሉ፤ ባዶ ከሆነ ሳይቀመጡ ሌላ ይበሳሉ። የሰባ ዓመት ሰው እንዲህ ሲሯሯጥ አይቼ አላውቅም። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቃቅን ነፍሳትና እጮች ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ክራፒም ይከተላቸዋል። ምግቡን ወደ ላይ እያየ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ መንጠቆው ከራሱ ከፍ ማለት አለበት። ከበታቹ ያለውን ዞር ብሎ የማያይ በመሆኑ የአንዳንድ ሹም ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። ሲነክስም ሁልጊዜ ወደ ታች አይጎትትም፤ መንጠቆውን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ክሩ ይላላል። ያን ጊዜ በኃይል ቢስቡት ከንፈሩ ስስ ነውና ይቀደዳል፤ እራትዎ ይሄዳል።

«እኔም መጥቼ ዓሣ እያሰገርሁ ልሥራ?» ላሉት፣ በደስታ። መረብዎን ግን እዚያው ይተዉት፤ እዚህ ክራፒ በመረብ አይያዝም። ሚዛንም አያምጡ፤ መሸጥ ክልክል ነው። በቀን የሚፈቀደው 10 ዓሣ ነው፤ ለዚያም በገንዘብ የፈቃድ ወረቀት ይገዛሉ። ትንሹን ልመልስ እንዳይሉ ደግሞ፣ ከጥልቅ የወጣ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ስለሚነፋ ቢለቁት ላይተርፍ ይችላል። የበቃው ሰው መንጠቆውን ሰብስቦ ይነሣል።

ሒሳቡን ሲያሰሉት ኪሳራ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ብርዱ ወራት ሙሉ በር ሲያዘጋብን ሰውን ከቤት የሚያወጣው ይህ ዓሣ ነው። በደረጃ ላይ ስንተላለፍ የማያናግረኝ ጎረቤት በረዶው ላይ ሲያየኝ ከሩቅ «አገኘህ?» ይላል። መልሱ ባልዲው ቢሞላም ባይሞላም «ጥቂት» ነው። ከዚያ ጥልቀቱን ይጠይቀኛል፤ እዋሸዋለሁ፤ እሱም ይዋሸኛል፤ እንዲህ እያልን ተዋወቅን።

የአገሩ ሰው ክራፒን በዱቄት ለውሶ መጥበስ ያውቅበታል፤ አዋዜን ግን ገና አልደረሰበትም። ስለዚህ በሚመጣ ሰው በርበሬ ይላኩልኝ። ለጎረቤቴ ጥልቀቱን ብደብቀውም አዋዜውን አልነፍገውም።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ