ከኋላዬ ላላችሁ

በቀይ መብራት ወደ ቀኝ ስለመታጠፍ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ከነጩ መስመር ሳያልፉ ቀጥ ብሎ መቆም፤ ለእግረኛና አረንጓዴ ለበራለት ቅድሚያ መስጠት፤ ከዚያ የሚከለክል ታፔላ ከሌለ መታጠፍ። የጽሑፍ ፈተናውን ያለፍኩት በዚህ ነው። መሪ ስይዝ ግን እውቀቴን ይሉኝታዬ ይቀማኛል።

እዚህ ቨርጂኒያ ቀይ መብራት ላይ ከሁሉ ፊት ስቆም ታፔላ አላይም። የማየው በመስታወት ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ ፊት ነው። ቸኩሏል? ተቆጥቷል? ክላክሱን አንዴ ጲጵ ካደረገማ አለቀልኝ፤ እታጠፋለሁ። "በቀይ መታጠፍ ክልክል ነው" የሚለው ነጭ ሰሌዳ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው ከታጠፍኩ በኋላ ነው። ሰውዬውም ብዙ ጊዜ ጲጵ ያለው ማዶ ላለ ወዳጁ ሰላምታ ሊሰጥ ሆኖ ይገኛል።

ጥፋቱን አዲስ አበባ ላይ ማላከክ ይቃጣኛል። መንዳት የተማርኩት ትራፊክ ፖሊሱ መስቀለኛው መሐል ገብቶ እጁን ከዘረጋ፣ መብራቱ ምንም ቢበራ የሚታየው የእሱ እጅ በሆነበት ከተማ ነው። ስለዚህ ሰው እንጂ ታፔላ ማንበብ አልለመድኩም ብል ያምርልኛል። ግን እዚያው መንዳት ተምረው፣ ዋሺንግተን ዲሲ ላይ በታክሲ ልጆቻቸውን ያሳደጉ የኛ ሰዎች ሞልተዋል። ከእነሱ አንዱን፣ ጋሼ የምላቸውን፣ አሳፍሬ ስሄድ ያው አመሌ ተነሳ።

"ምነው ልጄ፣ ምን አጣደፈህ?"

"ከኋላ ክላክስ አደረጉብኝ ጋሼ።"

"ታዲያ ቅጣቱን እነሱ ይከፍሉልሃል?"

አልከፈሉልኝም። ደብዳቤው ከነፎቶው ቤቴ ድረስ መጣ። "ቆሜ ነው የታጠፍኩት" ብዬ ልከራከር ተነስቼ ፎቶውን ጠጋ ብዬ ባየው፣ የፍሬን መብራቴ እንኳ አልበራም። እኔ "መቆም" የምለው ለካ ፍጥነት ቀንሶ ወደ ግራ መገላመጥን ነው። ከግራ የሚመጣ መኪና አለመኖሩን ሳይ አንገቴ እዚያው ይቀራል፤ በቀኝ በኩል ዜብራው ላይ ሰው እግሩን ማንሳቱን የማየው ዘግይቼ ነው። በዚህኛው አልቀልድም፤ ያሳፍረኛል።

ቀይ ቀስት ደግሞ ሌላ ጣጣዬ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ ቀኝ የምታመለክት ቀይ ቀስት ከበራች፣ ሌላ ታፔላ ካልፈቀደ በቀር መታጠፍ የለም። እኔ ግን ቀስት ሳይ መንገድ ያሳየችኝ ይመስለኛል፤ ቀለሟን ትቼ ጫፏን እከተላለሁ። ከአንድ አቅጣጫ መንገድ ወደ ሌላ አንድ አቅጣጫ መንገድ በቀይ ወደ ግራ መታጠፍ ቨርጂኒያ ላይ እንደሚቻል የሰማሁ ሰሞን፣ እውቀቴን ላሳይ ብዬ ወንዙን ተሻግሬ ሞከርኩት። ዲሲ ላይ አይቻልም። ኒው ዮርክ ከተማም ሌላ ጉድ ናት፤ እዚያ የሚፈቅድ ታፔላ ከሌለ በቀይ ወደ ቀኝ መታጠፍም ክልክል ነው። ይህን የነገረኝ አጠገቤ የተቀመጠው ዘመዴ ነው፤ የነገረኝም በጩኸት።

በቀይ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ፈቃድ በመላ አሜሪካ የተስፋፋው ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ ነው። የ1973ቱ የነዳጅ እጥረት ካስደነገጠ በኋላ፣ በ1975 የወጣው የኃይል ቁጠባ ሕግ ግዛቶቹን ወደዚህ ገፋፋቸው። መኪና ቆሞ ከሚያቃጥል ይታጠፍ ነው ነገሩ። እኔ በዚህ መንገድ የቆጠብኩት ቤንዚን የቅጣቱን ፖስታ እንኳ አይገዛም።

ደግሞ ሕጉ መታጠፍ ይቻላል አለ እንጂ የግድ ነው አላለም። አረንጓዴ እስኪበራ ቆሞ የጠበቀ ሰው ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ከኋላዬ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ፍሬቻ አብርቼ ቆሜ ብታዩኝ ታፔላ እያነበብኩ ነውና እባካችሁ እጃችሁን ከክላክሱ አንሱልኝ።