የፌስታል ዕጣን

ኅዳር ሊታጠን ነው። አዲስ አበባ ሆይ፣ እንኳን አደረሰሽ! ዓመቱን ሙሉ በየቦዩ ያጠራቀምሽው ፌስታል፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ፣ ጓደኛው የጠፋ ኮንጎ ጫማና የተጨማደደ ሃይላንድ ሁሉ ዕጣን የሚሆንበት ቀን፣ ኅዳር 12፣ ደረሰ።

ነገሩ ሲጀመር ቀልድ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማዋን ሲያረግፋት፣ ራስ ተፈሪን እንኳ አልጋ ላይ ሲጥል፣ ሰዉ ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን እያነደደ አየሩን ለማንጻት ሞከረ ይባላል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ያኔ ገና በማንም ላቦራቶሪ አልታየም፤ ማን ይፍረድባቸው? የሚያቃጥሉትም ቅጠል፣ ገለባ፣ ጭራሮና ያረጀ ቡትቶ ነበር። እኛ ደግሞ የአባቶቻችንን አደራ አልበላንም፤ መጥረጉን ትተን ማጨሱን በታማኝነት ይዘናል። ዕጣኑንም አሻሽለነዋል።

የእነሱ ጭስ ቢበዛ ዐይን ያስለቅስ ነበር። የእኛ ሳይንስ አለበት። የቧንቧ ፕላስቲክና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ በየደጁ ሲነድ ዳይኦክሲን ይወጣዋል። ዳይኦክሲን ካንሰር አምጪ ነው፤ አንዴ ከገባ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ለመሆኑ የየትኛው ገበያ ዕጣን ነው ይህን ያህል የሚበረክተው? ወሩም ተባባሪ ነው። የኅዳር ሌሊት ይበርዳል፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። በሰሜን እንጦጦ ተገትሯል። ጭሱ ወዴት ይሂድ? እዚያው በእኛው ላይ ተደፍቶ ያረፍዳል፤ ከተማዋም በራሷ ምጣድ ላይ ትበስላለች።

ሕግ የለም እንዳትሉ ብቻ። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን መሆኑ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ላይ ተጽፏል። በ1995 የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ። በ1999 ደግሞ አዋጅ 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ላልበለጠና በራሱ ለማይበሰብስ ፌስታል ፈቃድ እንዳይሰጥ ደነገገ። ፌስታሉ ነጋሪት ጋዜጣ አያነብም መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይውለበለባል። እናም አዋጅ ያላጠፋውን በክብሪት እናግዛለን። የቆሻሻ ማንሻውንም ቢሆን ከውሃ ቢሉ ጋር ከፍለናል፤ ደረሰኝ ያለው ቆሻሻ ሲነድ እንኳ ግርማ አለው።

ደንብ አስከባሪውስ? የጉልት ነጋዴዋን ቲማቲም ከሩቅ ሲለይ ዐይኑ የጭልፊት ነው። የኅዳር 12ን ጭስ ግን አያየውም። አልፈርድበትም፤ በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል ማን ምን ያያል?

አምና ጎረቤቴን፣ «እትዬ፣ የልጅ ልጅዎ አስም አለበት አላሉኝም?» ብላቸው፣ የሚነደውን ጎማ በዱላ እየገለበጡ፣

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው የማጥነው፣ ልጄ!» አሉኝ።

አፈርኩ። ክብሪት አልቆባቸው ስለነበር ገዝቼ አመጣሁላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ታቅፈው ጤና ጣቢያው በር ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ልጁ ያፏጫል። የእሳቸውም ድምፅ ተዘግቷል። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉና፣

«አየህ!» አሉኝ፣ «ትናንት ባናጥን ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?»