አቧራ ስንት ነው?

የአዲስ አበባ ልጅ ለአቧራ ከፍሎ አያውቅም። በበጋ በመስኮት ይገባል፣ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ቤት ድረስ ይመጣል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ በነጻ ይታደላል። ሊስትሮው እንጀራውን የሚበላው በእሱ ነው። እናቶቻችን ደግሞ ዕድሜያቸውን የፈጁት በእርጥብ ጨርቅ ሲያሳድዱት ነው። እኔ ታዲያ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ፣ ስዕል የተለጠፈበት፣ ታክስ የተጨመረበት አቧራ ልገዛ ነው። እናቴ እንዳትሰማ ብቻ!

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ውሻ የከለከልናት ጊዜ በቃ ተወችው ብለን ነበር፤ ለካ ቺንቺላ እያጠናች ኖሯል። ቺንቺላ ማለት አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራራ የሆነ፣ እንደኛ ሽኮኮ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ጅራቱ ጎፈሬ፣ ግራጫ ፍጡር ነው። ባለቤቶቻቸው የተዉአቸውን እንስሳት ከሚያስጠጋ ድርጅት ልንወስድ ፎርም ሞልተናል። ዲቪ ሲደርሰኝ እንኳ የሳሎንህ ሙቀት ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እነዚህ ጠየቁ።

ይኸው እንስሳ ታዲያ ውሃ አይነካውም። ከአንዲት የፀጉር ቀዳዳ ሃምሳና ከዚያ በላይ ፀጉር ስለሚያበቅል ውሃ ከገባበት ቶሎ አይደርቅም፤ ብርድና ፈንገስ ይከተላል። ስለዚህ የሚታጠበው በአቧራ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ አሥር ደቂቃ ያህል እየተንከባለለ። አቧራውም ዝም ብሎ አቧራ እንዳይመስላችሁ። ከእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ድንጋይ የመጣ፣ እጅግ የላመ መሆን አለበት። ተራ አሸዋ ፀጉሩን ይሰባብራል።

አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ በስልክ ይህን ስተርክላት ትንሽ ዝም አለችና፣ «የእኛም አህያ አመድ ላይ ነበር የምትንከባለለው፤ ሳንቲም አላስወጣችንም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የእሳተ ገሞራ አመድ ከሆነ ከእኛ በላይ ማን አለው? ስምጥ ሸለቆ እሱ አይደለም እንዴ! የቢሾፍቱ ሐይቆች የተኙት እሳተ ገሞራ በቀደደው ጉድጓድ አይደለም? ከዚያ ወደ አዳማ ስትወርዱ ግራና ቀኝ ተቆርሶ የምታዩት ኮረብታስ? ያ ተረከዝ የምንፈገፍግበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ድንጋይስ? መውቀጥና መንፋት ብቻ ነው የቀረው፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ በየሰፈሩ አለ። (ባለ ወፍጮው «ከበርበሬ በፊት ይፈጭ ወይስ በኋላ?» ማለቱ አይቀርም።)

ማን ያምጣው? ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው መቼም አይጠፋም። ሻንጣው ግን ገና ሳይከፈት ሞልቷል፤ ሽሮው አለ፣ በርበሬው አለ፣ ቆሎው አለ፣ ለማያውቁት ሰው የሚደርስ የማያውቁት ሰው ዕቃ አለ። ሚዛኑ ላይ 23 ኪሎ ሲያልፍ ከሽሮው ቀንሶ አመዱን የሚይዝ ጀግና ማን ነው? ቢገኝስ ጉምሩክ ላይ ምን ሊል ነው? በሶን ማስረዳት አልበቃ ብሎ ግራጫ ዱቄት!

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አመድ ነው።»

«ለምን?»

«የአይጥ መታጠቢያ።»

አፈር ደግሞ ያለ ፈቃድ አሜሪካ አይገባም። እርግጥ ነው፣ በአበሻ ሻንጣ ውስጥ አመድ ብርቅ አይደለም፤ ከገዳም እምነት የማይልክለት ዘመድ ያለው ማን ነው? የባሰው ጣጣ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። አማቴ ዕቃውን ከፍተው፣ አማትበው፣ ግንባራቸውን ከተቀቡ በኋላ «ከየትኛው ገዳም ነው?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

እጄን ሰጥቼ ሱቅ ሄድኩ። የእንስሳት ሐኪሞችን ምክር ልጄ ጽፋ ሰጥታኛለች። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ የቺንቺላ ፎቶ አለበት። አንዱ ወለሉ ሽቦ የሆነ ጎጆ ነው፤ ሽቦው የእግሩን መዳፍ ያቆስላል። ሌላው የፕላስቲክ ፎቅ አለው፤ ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፣ የዋጠው ፕላስቲክ አንጀቱን ይዘጋል። ዘቢብ የተቀላቀለበት መኖ አለ፤ ስኳር ሆዱን ያበላሻል። ውስጡ ገብቶ የሚሮጥበት ኳስም አለ፤ ሙቀት የሚገድለውን እንስሳ ፕላስቲክ ውስጥ አፍኖ ማስሮጥ!

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ይህን እንስሳ ሰው ለቆዳው ሲል ሊጨርሰው ጥቂት ነበር የቀረው፤ ለአንድ ካፖርት ከመቶ በላይ ቆዳ ይሄዳል። ቺሊ፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያና አርጀንቲና አደኑን ለማስቆም እ.ኤ.አ. በ1910 ሲስማሙ አብዛኛው አልቆ ነበር። ዛሬም የዱሩ ለመጥፋት ተቃርቧል። መጀመሪያ ገፈው ሸጡት፤ አሁን ደግሞ ፊቱን ካርቶን ላይ አትመው የሚጎዳውን ዕቃ ይሸጡልኛል። ሻጩን ብጠይቀው «ሰው ይገዛዋል» አለኝ። ሰውማ የልጁን ዓይን አይቶ፣ ፎቶውን አምኖ ይገዛል! ያን ፎቶ ያተመ ሰው ስለ እንስሳው አንድ ገጽ ማንበብ ይከብደዋል?

ብቻ ይሁን። አቧራዬን ይዤ ወጣሁ።

አሁን የቀረው የሙቀቱ ክርክር ነው። ማቲያስ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1923 ከቺሊ 11 ቺንቺላ ወደ ካሊፎርኒያ ሲያመጣ መርከብ ላይ በበረዶ እያቀዘቀዘ ነበር ይባላል፤ አሜሪካኖች ቤት የሚያድገው አብዛኛው ዘሩ ከእነዚያ ነው። ቻፕማን ግን ከአማቴ ጋር በጋውን ሜሪላንድ አላሳለፈም። እንስሳው ከ25 ዲግሪ በላይ አይችልም፣ ወበቅማ ጭራሽ። እሳቸው ደግሞ ኤሲው በተከፈተ ቁጥር ጋቢ ደርበው «ብርድ ልታስመቱኝ ነው» ይላሉ፣ እጃቸውም ወደ ቴርሞስታቱ ይሄዳል። ልጄ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለጊዜው አልሠራም።

ቡናው ሌላ ጉድ ነው። ጭስና ዕጣን ለሳንባው አይሆንም። ባለቤቴ በረንዳ ላይ እቆላለሁ ትላለች፤ በረዶ ሲወርድ እናያታለን። ደግሞ 15፣ 20 ዓመት ይኖራል። ልጄ ኮሌጅ ስትገባ አቧራ እየቀየረ የሚቀረው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታየኛል።

አማቴ ትንሽ ለዘብ ያሉት የሚበላው የደረቀ ሣር መሆኑን ስነግራቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ፍጡር ቤት ቢገባ አይከፋም አሉ፤ ስሙን ግን እኔ ነኝ የማወጣለት አሉ። ልጄ ቀድማ «ኦሬዮ» ብላዋለች። ኦሬዮ ብስኩት መሆኑን ሲሰሙ «የጾም ነው የፍስክ?» ብለው ጠየቁ፤ ባለቤቴ ከጓዳ ካርቶኑን አምጥታ ጀርባውን እያነበበችላቸው ነው።