አክተሩ አይሞትም

በሲኒማ ራስም ሆነ በሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደገ ሁሉ አንድ የተፈጥሮ ሕግ ያውቃል፤ አክተሩ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው «ኮማንዶ» አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ደረቱን ሰጥቶ ሲተኩስ፣ ያ ሁሉ ጦር ይስተዋል። ጥይትም ሰው ያውቃል።

«ጆን ዊክ»ማ ለሕግ ትምህርት ቤት የሚገባ ፊልም ነው። ውሻው ተገደለ፣ መኪናው ተሰረቀ። ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ «ነገ ተመለስ» ሊባል ይችል ነበር፤ እሱ ግን መዝገቡን ከነተከሳሾቹ ዘጋው።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ መኪና ሲያባርሩ ገበያ መሀል ካልገቡ አይሆንላቸውም። ብርቱካኑ ይበተናል፣ ሻጯ ትጮኻለች፣ አክተሩ ሒሳብ ሳይከፍል ይሄዳል። እስቲ መርካቶ ይሞክራት! አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ ይዘጋበታል። ከኋላ ተሸካሚው «ዞር በል!» ይለዋል። ከፊት ባለብርቱካኗ ነጠላዋን አሸርጣ በኪሎ ታስበዋለች። የሚያባርረውም ሰውዬ ደርሶ ያስታርቃቸዋል።

ቦምቡም አያሳስብም። «ቀዩ ሽቦ ይቆረጥ ወይስ ሰማያዊው?» እያሉ ማላብ የሆሊዉድ ነገር ነው። እዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ቢጠመድ ሽቦው ለመዳቡ፣ ሰዓቱ ለሰዓት ሠሪ፣ ቆርቆሮው ለከሰል ምድጃ ተሸጦ ያልቃል፤ የሚፈነዳው ዋጋው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሆሊዉድ መርካቶ መጥቶ ባይቀርጽ አይፈረድበትም፤ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያልቅበታል።