ጅማን ሳያዩ ጎብኝቶ ለመመለስ

ከተማን ሳያዩ ጎብኝቶ በመመለስ ረገድ በባሕር ጠረፍ ያሉ የጥንት ወደቦች ዕድለኞች ናቸው። እንደ ክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ወዳለ ከተማ ጎብኚው በመርከብ ተጭኖ ይመጣል፤ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል፣ ግንቡ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ አይስክሬሙን ልሶ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ጅማ ባሕር የላትምና ይህንኑ ጥበብ በመኪና መፈጸም የእርስዎ ፈንታ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ትንሽ ዝግጅት ይጠይቃል። እኛ የደዶ ሰዎች ከጅማ ወደ ጭዳ በሚወርደው መንገድ ዳር ተቀምጠን ስንቱን ሲያልፍ አይተናልና ምክሩን በነፃ እንለግስዎታለን።

ከሁሉ በፊት ሐሙስን ይሽሹ። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፤ ጅማ ደግሞ ያለ ሂርማታ ጅማ አትሆንም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅፍለቱ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ሲመጣ የሚራገፈው እዚህ ነበር፤ ሲመለስ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ማሩን፣ በሰንሰለት የታሰረውን ሰውም ጭምር ይዞ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ባሕር የሌላት ወደብ ማለት ይህች ናት። በሐሙስ ቢመጡ ከየገጠሩ የመጣው ሰው እህሉን፣ ቅቤውን፣ የደዶ ሰው ደግሞ ድንቹን ዘርግቶ፣ አንዱ በኦሮምኛ ሲጠራ ሌላው በአማርኛ ዋጋ ሲሰብር ያገኙታል፤ ከተማዋ ለምን እዚህ ቦታ እንደበቀለች ማንም ሳያስረዳዎት ይገባዎታል። ጉብኝቱ ያን ጊዜ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ይግቡ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ይውጡ። በመካከሉ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራቸውን ሕንፃዎች አይተው «ለካ ይህን ከተማ የቆረቆረው ጣሊያን ነው» ካሉ፣ ሂርማታን ሙሉ በሙሉ አመለጧት።

ወቅቱም ቀላል ነገር አይደለም። የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ነሐሴን ይምረጡ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ፍሬውም ገና ለጋ ሳለ ደርሰው «ቡናው ታዲያ የት አለ?» ብለው ይጠይቁ። ምናልባት ተሳስተው በኅዳር ከመጡም ተስፋ አይቁረጡ፤ ያኔም የሚበላሽ ነገር አይጠፋም። ወደ ማሳው ገብተው ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በአንድ እጅ ይመልምሉት፤ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ይርገፍ። ባለቤቲቱ ቀይ ቀዩን ብቻ አንድ በአንድ እየለቀመች ቅርጫቷን የምትሞላው ጊዜ ተርፏት መስሎዎት ይዘኑላት። ጥሬው አብሮ ከገባ ስኒው ውስጥ እንደሚጎመዝዝ፣ ነጋዴውም ዋጋ እንደሚቀንስባት እርስዎን አይመለከትም። ከዚያ ወደ ማድረቂያው አልጋ ይሂዱ። ጀንፈሉ በሽቦው ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ በቀን ደጋግሞ ይገላበጣል፣ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው በሸራ ይለበሳል። ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን እየለዩ ሲጥሉ ጣታቸው ከዓይን ይፈጥናል። እርስዎ አንድ እፍኝ ዘግነው ወደ ላይ ይበትኑና ፎቶ ይነሱ። መሬት የወደቀውን የሚለቅም አይጠፋም።

ስለ መኝታ ብዙ አይጨነቁ፤ የትም ይደሩ፣ ብቻ ቁርስ ላይ አርፍደው ይነሱ።

ጅሬን ግን አይቀርም። እዚያ ያለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። አስጎብኚው አፉን ሲከፍት ስለ ንጉሡ ቁመት ብቻ ይጠይቁት፤ እውነትም እጅግ ረጅም እንደነበሩ ይነገራል፣ ወሬውም እዚያው ላይ ቢያልቅ ደስ ይላል። ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 ነገሡ ሲልዎ «ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆዩ?» ብለው አይጠይቁ። ከጠየቁ ነገሩ ይረዝማል፦ ለምኒልክ በጊዜ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዳስጠበቁ፣ እምቢ ያለው የጎረቤቱ የከፋ ንጉሥ በእ.ኤ.አ. 1897 ሲማረክ የአባ ጅፋር ሰዎች ከዘማቹ ጋር እንደነበሩ፣ ግብሩ ሳይቋረጥ ገበያውም ሳይፈርስ እንደቀጠለ ሊነግርዎ ይችላል። ይህን ከሰሙ በኋላ ሰውየውን ጀግና ማለትም ከሃዲ ማለትም ያቅትዎታል። እርስዎ የመጡት ለፎቶ ነው፤ በእንጨቱ ሰገነት ላይ ተደግፈው ይነሱና ይውረዱ።

አሁን ተራው የእኛ ነው። ደዶን ዕቅዱ ጫፍ ላይ «ጊዜ ከተረፈ» ብለው ይጻፏት። ከጅማ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ናትና እሁድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ዳመናው ሲከብድ፣ ብቅ ማለት ነው። ከተማችን ሸኪ ሲደርሱ ከመኪና አይውረዱ። መስታወቱን ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርገው «እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይበሉ። የምንጠቁመው ሐውልት የለንም፤ ያለን ከደጋው ገብስና ባቄላ እየወረደ እስከ ጎጀብ ወንዝ ቆላ የሚደርስ አገር ነው፤ ይህ ደግሞ በመስታወት አይታይም። «ኮቱ፣ ቡና ጠጡ» ብለን እንጠራዎታለን። አንዳንዱ እንግዳ አፍሮ ይወርዳል። ለዚህም መላ አለው፦ በርጩማው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከእጅዎ አይለዩ። ቡናው ገና ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲወጣ ሰዓትዎን አንዴ ይመልከቱ፣ ሲንጣጣ ደግመው ይመልከቱ፣ ቆሎው ሲቀርብ ይነሱ። እመቤቲቱ «ኧረ አቦሉን እንኳ!» ብትል «ሌላ ጊዜ» ይበሏት። አንድ ኮስተር ያሉ አባት አንዱን እንደዚሁ ሸኝተው ሲያበቁ፣ «ይሄ ልጅ የመጣው ሊሄድ ነው» ብለው ነበር፤ እርስዎ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለመስማት እስኪደርሱ መኪናው ተነስቷል።

ሲመለሱ ጊቤ በረሃን በጨለማ ይሻገሩት፤ ገደሉም ወንዙም ስለማይታይ ለነጂው ባይሆንም ለእርስዎ ዕረፍት ነው፣ እንቅልፍዎን ይተኙ። መንገድ ዳር አይተው ከገዙት ባለ ሦስት እግር በርጩማ በቀር ምንም ካልያዙም አይዘኑ። ቡናውን መርካቶ ያገኙታል፤ ጆንያው ላይ «የጅማ» ተብሎ ተጽፏል። የማን ማሳ እንደሆነ ሻጩን አይጠይቁት፤ እሱም ልክ እንደ እርስዎ ጅማን በሚገባ ያውቃታል።